የሰው ወኔ ባለርስት

ዲላ ውስጥ በእኔ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ያኔ በአብዮቱ ዘመን የታገለ፣ ወይ ያኔ እንደታገለ የሚያወራ። ሁለተኛው ወገን ይበዛል። የመጀመሪያው እንዳይበዛ የተጉ ሰዎች ነበሩና። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ያውም ከአንጋፋዎቹ። ቡና ሲፈላ የሰፈር ወጣቶች በርጩማቸውን አስጠግተው «ጋሼ፣ እስቲ የዚያን ዘመን ነገር ያጫውቱን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መለመን እወዳለሁ። አቦሉ ላይ እግደረደራለሁ። ቶናው ላይ ጀግና ስለነበረ አንድ ወዳጄ ማውራት እጀምራለሁ። በረካው ላይ ስንደርስ ጀግናው እሱ ይሁን እኔ ለአድማጭ አይለይም።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዘመዶቹ ዛሬም ጌዴኦ ውስጥ አሉ። እሱም በሕይወት ሳለ ስሙ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አይወድም ነበር፤ ያኔ ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ «ወዳጄ» ብቻ እለዋለሁ። ይህም ከእኔ በኩል ትልቅ ድፍረት ነው። በ1970 «ወዳጄ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም ነበር።

የተዋወቅነው በጀንፈል ነው። ቅድመ አያቴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምኒልክ ጦር ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ያኔ ደራሳ ይባል በነበረው በዛሬው የጌዴኦ ምድር ሰፈረ። መሬቱ በቃላድ ሲለካ የእሱ ድርሻ ሰፋ፤ በዚያ መሬት ላይ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የኖሩት ገበሬዎች ገባር ሆኑ። እኔ ነፍስ ሳውቅ አባቴ በዲላና በወናጎ መካከል የቡና መሬት ነበረው። ነበረው ስል ቆፍሮታል፣ ኮትኩቶታል ማለቴ አይደለም። የአባቴ ዋና የእርሻ መሣሪያ ወንበር ነበር። መኸር ሲደርስ ገባሮቹ ጀንፈሉን በጆንያ ተሸክመው መጥተው ግቢያችን ያራግፋሉ። እኔ ፊደል ስለቆጠርኩ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጆንያ እቆጥራለሁ። ወዳጄ ከአባቱ ኋላ ኋላ፣ ከዕድሜው የሚበልጥ ሸክም ይዞ ይመጣል። እሱ ተሸካሚ፣ እኔ ቆጣሪ።

ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ስንገባም ይኸው አሠራር ቀጠለ። እሱ ሒሳቡን ይሠራል፣ እኔ እገለብጣለሁ። አባቴ እንኳ እርቦና አሥራቱን ወስዶ የቀረውን ለባለቤቱ ይተው ነበር፤ እኔ ሙሉውን ነበር የምወስደው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስሙን ጭምር ገልብጬ ወረቀቱ በሁለታችንም በኩል የእሱ ሆኖ ተገኝቷል።

መስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ፣ ከተማው ሁሉ «እንኳን ደስ አለን» ሲባባል እኔም ደስታዬን ተቀበልኩ። ትልቁ ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ፣ እንሰቱ በመካከል ሆኖ ገደሉን ሁሉ ይዞ የሚኖረው ያ መሬት የገበሬ የእጅ ሥራ ነው፤ ትውልድ ትውልድን እየተካ የሠራው። በእኛ ቤት አንዲት የእንሰት ችግኝ የተከለ ሰው የለም። ሆኖም ጨዋ ሰው ነኝና «አብሮ ደስ ይበለን» አልኩ።

ስለ ሚችሌ የሰማሁት ከወዳጄ ነው። የቡና ዋጋ በጨመረ ቁጥር የባለርስቱም ፍላጎት አብሮ ሲያድግ፣ በገዛ እጁ የተከለው ቡና የማን እንደሆነ የተምታታበት የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ሚችሌ በተባለ ቦታ ተነሣ። ጦር የያዘው ጠመንጃ ከያዘው ጋር ገጠመ። ብዙ ገበሬ አለቀ፤ የወዳጄ አጎት ከሟቾቹ አንዱ ነበር። የሚችሌ ስም በቤታችን በተነሣ ቁጥር አባቴ ጋቢውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ይገባል። ጋቢው ትከሻው ላይ ሆኖ እንኳ ይገባል። ያን ቀን የት ነበርክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አባቴን ስለማከብር ነው እል ነበር። እውነቱ ግን መልሱን ከሰማሁ በኋላ ያንን ወንበር እንዴት አድርጌ እንደምወርስ ስለጨነቀኝ ነው።

የአሜሪካ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ከ1955 ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ስለነበር፣ እኛም ከእነሱ አንዱ የሆነ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ስለ ሞንጎመሪ ነገረን። በ1948 ሮዛ ፓርክስ የምትባል ልብስ ሰፊ ከአውቶቡስ መቀመጫዋ አልነሣም ብላ ታሰረች፤ የከተማው ጥቁሮች ከዓመት በላይ አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው እየሄዱ ሥራ ገቡ፤ በመጨረሻም ሕጉ ተሻረ። እኔ እጄን አውጥቼ «ያን ሁሉ ጊዜ ሲሄዱ ጫማቸው አላለቀም?» ብዬ ጠየቅሁ። ወዳጄ ምንም አልጠየቀም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን «እነሱ አውቶቡሱን ተዉት። እኛ ደግሞ ጀንፈሉን ወደ እናንተ ግቢ ማምጣት ብንተውስ?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎቹ ሶንጎ በሚቀመጡበት ሄዶ፣ ያውም ገና ጢም ሳያወጣ፣ ይህንኑ ሐሳብ እንዳቀረበ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ሚችሌን ያስታውሱ ነበርና አላደረጉትም፤ ግን አላባረሩትም። እኔ የማውቃቸው ጎልማሶች ሁሉ አባቴ ፊት ቁጭ ማለት ይፈሩ ነበር።

የዘመኑን ነገር ለማያውቅ ልንገር። የካቲት 1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ወጡ። በዚያው ወር፣ የካቲት 28፣ አላባማ ውስጥ ሰልማ ከተማ የመምረጥ መብት የጠየቁ ወደ 600 የሚጠጉ ሰልፈኞች ድልድይ ላይ በፖሊስ ተደበደቡ። ከፊት የመራው የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ ራሱ ተፈነከተ። ይህን ታሪክ በኋላ ሳነብ ሰው ሁሉ ስለ ጆን ሉዊስ ይገረማል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ከሰልፉ መጨረሻ የነበሩት ሰዎች በየት በኩል እንዳመለጡ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው የቆሙ ተማሪዎች ላይ ስድስት ኪሎ ተተኮሰ። ወሬው ዲላ ሲደርስ ወዳጄ ሌሊቱን ሲያነብ አደረ። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አዲስ አበባ ለመማር የነበረኝን ዕቅድ ሳጥፍ ነው ያደርኩት።

የካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ እኛም ወጣን። ወዳጄ ከፊት ሆኖ መፈክር ያወጣል። እኔ ጭራው ላይ፣ የአጎቴ ሱቅ በሚገኝበት በኩል። «መሬት ለአራሹ» ሲባል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም። ሰልፉ በቤታችን ደጃፍ ሲያልፍ አባቴ በረንዳው ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ጀመርኩ። ያደረግሁት ኮንጎ ጫማ ነበር። ማሰሪያ የለውም። አባቴ እንዳላየኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ማታ ራት ላይ «ጫማህ በሰላም ታሰረልህ?» አለኝ።

በዓመቱ ዘመቻ መጣ። ታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ወዳጄ ገበሬ ማደራጀት ገባ። እኔም ዘምቻለሁ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። የዘመቻ ጣቢያው ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሥልጣኔ በስኳርና በሳሙና ላይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። አዋጁ በራዲዮ ሲነበብ ዘማቹ ሁሉ ጨፈረ። እኔ የአባቴ መሬት ወንበሩን ይዞ ሲሄድ ታይቶኝ ስኳሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የደስታ እንባ መሰላቸው። አንዱ አቅፎኝ «ጓድ!» አለኝ። ያ እንባ በአብዮቱ ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው።

ወዳጄ ያን ሰሞን ያደረገውን ግን ለወጣቶቹ አውርቼ አላውቅም። አዲስ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር አባቴን አደባባይ አውጥቶ ሊያዋርደው ይፈልግ ነበር። ወዳጄ ከዘመቻው ፈቃድ ጠይቆ መጣ። በጌዴኦፋ ተነሥቶ፣ መሬቱ ተወስዷል፣ ሰውየውን ማዋረድ በአዋጁ የለም፣ ይህን ካደረግን ነገ በእኛም ላይ ይደረጋል አላቸው። አጎቱን ሚችሌ የቀበሩ ሰዎች ናቸው ይህን የሰሙት። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ያን ቀን ተቀየሙት፤ አንዳንዶቹም የባለርስት አሽከር አሉት። ለእኔ ይህ ከሰልፉ ሁሉ የሚበልጥ ድፍረት ነው። ለምን አላወራሁትም? በዚህኛው ታሪክ ውስጥ ራሴን የማስገባበት ቀዳዳ ስላጣሁ ነው። አባቴ ሲከሰስ እኔ ዕቃ ቤት ነበርኩ፤ ሳሙና ጎድሎብኝ እየቆጠርኩ።

ከዚያ 1969 መጣ፤ የደርግ ቀይ ሽብር ዘመን። ወዳጄ ደርግን ከሚቃወሙት ከኢሕአፓ ወጣቶች ጋር ሆኖ ነበር። አንድ ሌሊት በራሪ ወረቀት በከረጢት አምጥቶ «እስከ ጠዋት አቆይልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይቸግረኝም። እሱ ገና የአጥሩን በር ሳይዘጋ ከረጢቱን እናቴ ምጣድ ሥር ከተትኩት። ያን ቀን ጠዋት የበላነው እንጀራ በሌኒን የተጋገረ ነው። ወዳጄ ሲመለስ «ፍተሻ መጥቶ ነበር» አልኩት። ትከሻዬን መታ አድርጎ «ደግ አደረግህ» ብሎኝ ሄደ። ፍተሻ አልመጣም። በመንገዱም ያለፈ የአብዮት ጥበቃ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወዳጄ ተያዘ። የቀበሌው ነዋሪ ለማጋለጥ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ሄድኩ፤ መቅረት የበለጠ ያስፈራ ነበርና። ወዳጄን አመጡትና አብረውት የነበሩትን እንዲናገር ጠየቁት። የሚያጋልጥ ምሕረት ያገኛል ተባለ። ዓይኑ ሰውን ሁሉ አዳርሶ እኔ ጋ ደረሰ። እኔ ያኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር፤ የዚያን አዳራሽ ቆርቆሮ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። «የማውቀው ሰው የለም» አለ። ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ አንድ ነገር መለሰ። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔም የማላውቀው ሰው ሆንኩለት። እሱ የካደኝ ሊያድነኝ ነው። ከስብሰባው ስወጣ አንዱ «ታውቀው ነበር እንዴ?» ሲለኝ እኔም «በመልክ ብቻ» አልኩ። ቃላችን አንድ ነው፤ ሥራችን ለየቅል።

እናቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት የምትሄድበት መንገድ በእኛ ሰፈር ያልፋል። አንድ ቀን በሩቅ አየኋትና ልብስ ሰፊ ሱቅ ገባሁ። ሰፊው ምን ልስፋልህ ሲለኝ «ሱሪ» አልኩ። ወገቤን ለካ፣ ጭኔን ለካ፣ ቁመቴን ለካ። እናቱ እስክታልፍ ድረስ እንደገና እንዲለካኝ ለመንኩት። ሱሪውን የማሰፋበት ገንዘብ አልነበረኝም። የእሷን አገልግል የምቀበልበት ወኔም አልነበረኝም። ሰፊው ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ የልኩን ሒሳብ አልጠየቀኝም።

በ1970 ተገደለ። ለቅሶ መቀመጥ ስለተከለከለ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ በልቡ አለቀሰ። እዚህ ላይ የማፍረው ነገር አለ፤ ክልከላውን ስሰማ እፎይ አልኩ። ለቅሶ ቢፈቀድ መሄድ አለመሄዴ ይታይ ነበር። ሀገሬው «ፈሪ ለእናቱ» ይላል። እናቴ አርጅታ፣ ጠግባ፣ በልጇ እጅ ተቀበረች። የወዳጄ እናት ልጇ የት እንደተቀበረ እንኳ ሳታውቅ ሞተች።

ግንቦት 1983 ደርግ ወደቀ፤ እኔም በማግሥቱ ጀግና ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ «አንድ ጀግና ወዳጅ ነበረኝ» ነበር የምለው። ትንሽ ቆይቶ ከጎኑ መቆም ጀመርኩ። ከዚያ በ1966ቱ ሰልፍ ጫማዬን ትቼ ወደ ፊት ረድፍ ተዛወርኩ። ወረቀቱን እናቴ ምጣድ ሥር ያቃጠልኩት ሰውዬ ቀስ በቀስ ጠፋና በእሱ ቦታ ሌሊት ሌሊት በራሪ ወረቀት የሚበትን ሰው ተተካ። በ2002 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ልጎበኝ ሄድኩ። የሰማዕታቱ ፎቶ ፊት ቆሜ ስለ ራሴ ሳወራ አንዲት ወጣት ጎብኚ አለቀሰች። እንባዋን ማቆም ነበረብኝ፤ መሐረብ ሰጠኋትና ቀጠልኩ።

ይህን ሁሉ ዕድሜ ያመጣው ጉራ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ሚያዝያ 2010 መጣ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ሞላ። ዲላ ውስጥ ሰው ያለውን ክፍል ለቀቀ። የወዳጄ እህት በሁለት ክፍል ቤቷ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አስገብታ ራሷ ወጥ ቤት አደረች። እኔ ሰርቪስ ቤት ነበረኝ፤ ባዶ። የሰፈር ልጆች ለእንግዶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ «ቡና ሞልቼበታለሁ» አልኳቸው። ልጆቹ አመስግነው ሊሄዱ ሲሉ አስቀምጬ ስለ ወዳጄ መሥዋዕትነት ረጅም ወግ አወጋኋቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲወጡ አንደኛው የሰርቪሱን መስኮት አየት አደረገ። ቡና እንደሌለበት በመስታወቱ ይታያል።

በቅርቡ ደግሞ ታሪክ የሚያጠና አንድ ተማሪ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፅ መቅዳት ጀመረ። ስለ ሚችሌ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ አዳራሹ ሁሉንም ነገርኩት። በመጨረሻ በትሕትና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ቆመው ነበር?» አለኝ። ሳል መጣብኝ። ውሃ ጠየቅሁ። ስልኩ ሲቀዳ ቆየ፤ የሳሌ ድምፅ እስካሁን ማኅደር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚያ ዘመን ከሰጠሁት ቃል ሁሉ ያልተጨመረበት እሱ ብቻ ነው።

ያን ማታ ስለ ራሴ አንድ ነገር ገባኝ። የ1967ቱ አዋጅ አባቴን ከባለርስትነት ሻረው፤ እኔን ግን የሻረኝ አዋጅ የለም። ወዳጄ ያረሰውን፣ የዘራውንና በሕይወቱ ያጨደውን ወኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስቆጥር ኖሬአለሁ። አባቴ እርቦ ወሰደ፤ እኔ እርሻውን ከነአራሹ ወሰድኩ። ስሙን አለመጥራቴ እንኳ እንደጠቀመኝ ልብ በሉ፤ ስም የሌለው ጀግና የሚጠይቀው ወራሽ የለም።

ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ደፋር እሆናለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ነገ ጠዋት ሰልፍ ቢወጣ ጫማዬን ማየቴ አይቀርም። የምችለውን ግን ልናገር፤ እንደኔ ያለ የሚያወራ ሽማግሌ ሲገጥማችሁ አክብራችሁ ስሙት፤ ቡናውንም አጠጡት። በረካው ላይ ሲደርስ ግን የት ቆሞ እንደነበር ጠይቁት። ከሳለ ውሃ ስጡትና ጥያቄውን ድገሙለት። ወደ ሟቹ ቤተሰብም ሂዱ፤ እነሱ ብዙ አያወሩም፣ የሚያውቁት ግን ከእኛ ይበልጣል። የሰርቪስ ቤቴ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ የወዳጄ እህት ዘንድ ነው፤ ለተቸገረ ሰው የሚያስፈልገው ካለ ከእሷ ይቀበል፣ እኔን አይጠይቅ። እኔን ከጠየቀ ምክንያት አላጣም።